የለውዝ ገበሬው፣ የትምህርት ቦርዱና የጆርጅታውን ኮሮጆ

«ግሎባል» የሚለው ስም ለብዙ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በ1985 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ሲጀምር በግማሽ ሄክታር የአርሶ አደር ማሳ ላይ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያን ጥቅም ያሳይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ይህንኑ አሠራር በኤክስቴንሽን ሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶ በስፋት አዳረሰው። ከፕሮግራሙ መሥራቾች መካከል ከስንዴ ተመራማሪው ከኖርማን ቦርሎግ ጋር ስማቸው የሚነሣው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ናቸው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫም የካርተር ማዕከልን የታዛቢዎች ቡድን መርተው መጥተዋል።

ካርተር የምርጫ ታዛቢ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ የአንድ ገጠር ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባል ሳሉ ኮሮጆ ተሰርቆባቸዋል። የማኅበራችን አባላት በየጊዜው የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ የሚመርጡ በመሆናቸው ታሪኩ ለእነርሱ ሩቅ አይሆንም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርተር የተወለዱት በ1924 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ሥራቸውን ትተው ወደ እርሻው ተመለሱ። የለውዝ ዘር ያባዛሉ፣ ማዳበሪያ ይሸጣሉ፣ የገበሬውን ምርት በመጋዘን ያስቀምጣሉ። አጀማመሩ ግን ከባድ ነበር። በ1954 ድርቅ መጣ፤ ማዳበሪያና ዘር በዱቤ የወሰዱት ገበሬዎች መክፈል አቃታቸው። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም። በዱቤ ግብዓት አሰራጭቶ በመከር ጊዜ ዕዳ ለመሰብሰብ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1955 የሰምተር ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባል ሆኑ። ካውንቲ ማለት የእኛን ወረዳ የሚመስል አስተዳደር ነው። አባታቸውም ቀደም ሲል የዚሁ ቦርድ አባል ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን በአካባቢው የቦርድ አባላትን የሚሰይመው መራጩ ሕዝብ ሳይሆን በፍርድ ቤት በኩል የሚቋቋም የዜጎች ጉባዔ ነበር። ስለዚህ ካርተር ወንበሩን ያገኙት በሹመት እንጂ በድምፅ አይደለም።

ዘመኑ ደግሞ ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር መሆኑን በ1954 ወስኗል። ሰምተር ግን እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ካውንቲዎች ውሳኔውን ሥራ ላይ አላዋለም። የቦርድ አባላት ትምህርት ቤቶችን ሲጎበኙ ጥቁር ልጆች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በግለሰብ ቤት፣ ነጮቹ ተማሪዎች በጣሏቸው አሮጌ መጻሕፍት ሲማሩ ተመለከቱ። ካርተር በእነዚያ ዓመታት የመለያየቱን ሥርዓት በአደባባይ አልተቃወሙም፤ ይህን መደበቅ ለታሪክ ታማኝ አለመሆን ነው። የነጮች ምክር ቤት የሚባለው የመለያየት ደጋፊዎች ማኅበር አባል እንዲሆኑ ሲጠየቁ ግን እንቢ አሉ። ወዳጆቻቸው መዋጮውን እንክፈልልህ ቢሏቸውም አልተቀበሉም። ለጥቂት ጊዜም አንዳንድ ደንበኞች ከመጋዘናቸው ቀሩ።

ካርተር የቦርዱ ሰብሳቢ ከሆኑ በኋላ የካውንቲውንና የአሜሪከስ ከተማን ትምህርት ቤቶች አንድ ላይ የሚያዋሕድ ዕቅድ ደገፉ። ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች በቂ መምህርና በቂ የትምህርት ዓይነት ስላልነበራቸው ዕቅዱ በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነበር። በ1961 ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ተሸነፈ። አንዳንዱ የከተማዬ ትምህርት ቤት ይዘጋብኛል ብሎ ፈራ፤ ሌላው ውሕደቱ ነጭና ጥቁርን ወደ ማቀላቀል ያመራል ብሎ ሠጋ። የገዛ ዘመዳቸው ሳይቀር ዕቅዱን ተቃወሙ፤ በመጋዘናቸው ደጃፍም የስድብ ጽሑፍ ተለጥፎ ተገኘ። ካርተር ሐሳባቸውን ለድምፅ አቅርበው ሲሸነፉ የመጀመሪያቸው ይህ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የሴኔት ወንበሮች እንደ ሕዝብ ብዛት እንዲከፋፈሉ የሚያስገድድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በመውጣቱ በጆርጂያ አዲስ ምርጫ ተጠራ። ካርተር 38ኛ ዓመታቸውን በያዙበት ዕለት፣ ጥቅምት 1 ቀን 1962፣ ለክፍለ ግዛቱ ሴኔት እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ዋና ምክንያታቸው ትምህርት ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ፖለቲከኞች ነጭና ጥቁር አብረው ከሚማሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይዘጉ እስከማለት ደርሰው ነበር። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ የሚለይበት ምርጫ ሊካሄድ የቀረው 15 ቀን ብቻ ነው።

በምርጫው ቀን፣ ጥቅምት 16፣ ከጆርጅታውን ስልክ ተደወለ። ጆርጅታውን የኩዊትማን ካውንቲ መቀመጫ የሆነች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ጆ ኸርስት የተባለ የአካባቢው ሹም እንደ ልቡ የሚያዝባት ነበረች። የካርተር ወኪል እንደተናገረው መራጩ ድምፁን በምሥጢር አይሰጥም፤ ኸርስት እያየው፣ ለማን ምልክት እንደሚያደርግም እየነገረው ነው። ኮሮጆው የአረቄ ካርቶን ነበር። ክዳኑ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተበጅቶለታል።

ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ተቀናቃኛቸው ሆመር ሙር በ139 ድምፅ አሸነፉ ተባለ። ጆርጅታውን ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው 333 ሲሆን ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት ግን 420 ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል፤ ነገሩ የለመደ ነው ብሎ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። ጆርጅታውን ውስጥ ነገሩ በእርግጥም የለመደ ነበር። ካርተር ግን ቻርልስ ኪርቦ የተባሉ የአትላንታ ጠበቃ ያዙ፤ ምስክር የሚሆኑ ሰዎችንም ቤት ለቤት እየዞሩ ፈለጉ። በቤተሰቡ ላይ ማስፈራሪያ ደረሰ። የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጆን ፔኒንግተን የመራጮችን ዝርዝር ሲመረምር የሞቱ፣ የታሰሩና አካባቢውን ለቀው የሄዱ ሰዎች ድምፅ ሰጡ ተብሎ ተመዝግቦ አገኘ። ከመቶ የሚበልጡ መራጮች በስማቸው የፊደል ቅደም ተከተል ተሰልፈው ድምፅ የሰጡ ይመስል ነበር።

ካርተር በመጀመሪያ ለፓርቲው የካውንቲ ኮሚቴ አቤት አሉ። ኮሚቴው የኸርስት ሰዎች ስብስብ ስለነበር አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ቀጥሎ በድጋሚ ቆጠራ ካርቶኑ በዳኛ ካርል ክሮው ፊት ተከፈተ። አልታሸገም ነበር። ውስጡም ከመቶ የሚበልጡ የድምፅ ወረቀቶች በላስቲክ ታስረው ተገኙ። ወረቀት በአንድ ቀዳዳ አንድ በአንድ ሲገባ በላስቲክ እንደማይታሰር ለማንም ግልጽ ነው። ዳኛው የጆርጅታውንን ድምፅ በሙሉ ሰረዙ። በቀረው ድምፅ ካርተር በ65 ብልጫ አሸናፊ ሆኑ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሙር ይግባኝ አሉ፤ በዋናው ምርጫ ዋዜማ ሌሊትም ሌላ ዳኛ የሁለቱም ስም ከወረቀቱ ተሰርዞ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም ራሱ እንዲጽፍ ወሰኑ። ሌሊቱን የየካውንቲው አስመራጮች ስም ሲሰርዙ አደሩ። በማግሥቱ፣ ኅዳር 6፣ ካርተር 3,013፣ ሙር 2,182 ድምፅ አገኙ። ካርተር ለዓመታት የተቀመጡበትን የቦርድ ወንበር ድምፅ አልሰጣቸውም ነበር፤ ይህኛውን ግን ሕዝብ ስማቸውን በእጁ ጽፎ ሰጣቸው።

ሕዝብ ሲባል ግን ሙሉው ሕዝብ አልነበረም። በእነዚያ ካውንቲዎች አብዛኛው ጥቁር ነዋሪ በመራጭነት እንዳይመዘገብ በልዩ ልዩ ዘዴ ይከለከል ነበር። ይህን የሚያስቀረው የምርጫ መብት ሕግ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው። በኮሮጆው ላይ ፍርድ ቤት የቆመው ሁሉ ስለ እነዚህ ሰዎች ድምፅ አላነሣም።

ካርተር በ1963 መጀመሪያ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሴኔት ሲገቡ በትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ለመሥራት ጠየቁ። በ1966 ለጆርጂያ ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1970 አሸነፉ፤ በ1976 ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። የጆርጅታውንን ታሪክ በ1992 ራሱን ችሎ በመጽሐፍ ጻፉት። በታኅሣሥ 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው ያረፉት እዚያው ፕሌይንስ ውስጥ ነው። ራሳቸው የተማሩበትና የከተማው ሰው እንዳይዘጋ የፈራለት የፕሌይንስ ትምህርት ቤት በ1979 ተዘግቶ በኋላ ሙዚየም ሆነ፤ ጎብኚዎች የካርተርን ታሪክ የሚመለከቱት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው።