ቢራ፣ ጨርቅና ቆዳን ከብቅል ጋር ምን አገናኛቸው?

ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ ኮምቦልቻ ትቀበላችኋለች። ከተማዋ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ አላት። ሦስቱን ሙያዎች የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ ብንላችሁስ? ታሪኩ የሚጀምረው ከጓዳ ነው፤ ከብቅል።

ጠላ ጠማቂ እናቶች ገብሱን ነክረው፣ በቅጠል ሸፍነው ያበቅሉታል፤ ከዚያ አድርቀው ይፈጩታል። ለምን ይህን ሁሉ ይለፋሉ? ገብስ ውስጥ በብዛት ያለው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ የሚፈልገው ስኳር ነው። ዘሩ ሲበቅል ግን ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርግ ነገር ያመርታል። እርሾው ያንን ስኳር ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል። ጌሾው ምሬት ይሰጣል፤ አንዳንድ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። እናቶቻችን የዚህን ቆራጭ ስም አያውቁም ነበር፤ ሥራውን ግን አሳምረው ያሠሩት ነበር።

ቆራጩን ከብቅል ለይተው ያወጡት ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1833። የብቅል ውኃ ላይ አልኮል ሲጨምሩ ነገሩ ዘቀጠ። ዲያስቴዝ አሉት። ዛሬ እንዲህ ያሉትን ኢንዛይም እንላቸዋለን።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። ሉዊ ፓስተር ያለ ሕያው እርሾ መፍላት የለም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ግን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጨመቀው። በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው እርሾ አልቀረም፤ ስኳር ሲጨምርበት ግን አረፋ ደፈቀ! ለካ ሥራውን የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ኖሯል። በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

በዚያው ሰሞን ሌላው ጀርመናዊ ኦቶ ሮም ወደ ቆዳ ሥራ ዞረ። ያኔ የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ቆዳውን ለማለስለስ የሚዘፈዝፉት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በውሻና በወፍ ኩስ ነበር። ሮም በምትኩ ከእንስሳት ቆሽት የተገኘ ኢንዛይም አቀረበ፤ ሽታውም ቀለለ፣ ውጤቱም የሚተማመኑበት ሆነ።

ጨርቅስ? ድር ሲሸመን እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፤ ከሽመና በኋላ መልቀቅ አለበት። አሲድ ቢጠቀሙ ጥጡን ይጎዳዋል። ስታርች ቆራጩ ኢንዛይም ግን ስታርቹን ብቻ በልቶ ክሩን ይተወዋል። መጀመሪያ የተጠቀሙት ያንኑ ብቅል ነበር፤ ኋላ ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት ኢንዛይም ተተካ።

ይህ ለእናንተ ለምን ይጠቅማል? ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ የቦርከና ገባሮችን እንደሚበክል በጥናት ታይቷል። ቦርከና ደግሞ በቃሉና በከሚሴ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ የሚያመራ፣ ገበሬው የሚያጠጣበት ወንዝ ነው። የቆዳ ፀጉር ሲነቀል የሚጨመረውን ሰልፋይድ ፕሮቲን በሚቆርጡ ኢንዛይሞች መቀነስ ይቻላል። ሁሉን ችግር አይፈታም፤ ለምሳሌ ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም አያጠፋም። ፍሳሽ ማጣሪያውም የግድ ነው። ግን አንዱን መርዝ ከምንጩ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም።

የተሻለ ኢንዛይም የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች በአፈር፣ በፍል ውኃ፣ በሊጥ እርሾ ውስጥ ሁሉ ይፈለጋሉ። ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ተማሪ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ብቅሉ እንደሆነ ከጓዳ አልጠፋም።