ከሰልን የገራ ሸክላ

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ስለ አካባቢው ሲጻፍ የባቡር ሐዲዱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ማምረቻዎቹ ይነሣሉ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበው አባ ሳሙኤልም ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠርቶ 6.6 ሜጋ ዋት በማመንጨት ለዋና ከተማዋ ብርሃን ሰጥቷል፣ ኋላም ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሷል። ከአገሪቱ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ዕቃ ተዘንግቷል፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጩ ቆርቆሮ የሆነው ላቀች የከሰል ምድጃ። ላቀች የአገራችን የቴክኖሎጂ ታሪክ ከተሳኩለት ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የተሳካውም የከሰልን እሳት የሚገራው አየር መሆኑን አውቆ፣ ያንን ዕውቀት በሸክላ ግድግዳና በአንዲት ትንሽ በር አማካይነት ለባለሙያዋ እጅ ስላስረከበ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አዲስ አበባ ከማገዶ ጋር ያላትን የቆየ ጭንቅ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተማዋ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አለቀ። አፄ ምኒልክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ እዚያም ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ሕንፃው በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መናገሻዋ ባለችበት የጸናችው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለና ተቆርጦም እንደገና ስላቆጠቆጠ ነው። አንድ መንግሥት መቀመጫውን በማገዶ እጥረት ምክንያት ለመቀየር ካሰበ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ዕቃ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከተማዋ እየሰፋች ቤቱም እየተጠጋጋ ሲሄድ ጭሱ የሚያንሰውና ለማጓጓዝ የሚቀለው ከሰል ተፈላጊነቱ ጨመረ። ከስምጥ ሸለቆ ግራር የከሰለው በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በደቡቡ መንገድ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ ሲገባ ኖሯል። ከሰል አክሳዮች ከጎዷቸው ሥፍራዎች አንዱ የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ያ ሁሉ ከሰል የሚነድበት ዕቃ በአብዛኛው የቆርቆሮ ምድጃ ነበር። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ የእጅ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ብረት የሚቀጠቅጡት ይህ ምድጃ ርካሽ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ከቦታ ቦታ ለማንሣትም ይቀልላል። ችግሩ ስስ ብረት ሙቀትን ይዞ ለማቆየት አለመቻሉ ነው። ፍሙ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ድስቱ ከመድረሱ በፊት ብዙው በምድጃው ጎን እየሾለከ አየሩን ያሞቃል። ቀዳዳው ሰፊና መዝጊያ የሌለው በመሆኑም አየር እንዳሻው ይገባል፤ ከሰሉ ወጡ ሽንኩርት ላይ ሳለም፣ ለመብሰል ጥቂት ሲቀረውም፣ ከወረደም በኋላ በአንድ ዓይነት ኃይል ይነዳል። ስለዚህ የቆርቆሮ ምድጃ ጉድለት ሁለት ነው፤ ሙቀት ማስመለጡና አየር አለመቆጣጠሩ።

የሁለቱም ጉድለቶች መድኃኒት በኢትዮጵያ ጓዳ ውስጥ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎበት ነው፤ ጋጋሪዋ የላዩን ፍም ስታበዛና ስትቀንስ የምታደርገው ሙቀትን መመጠን ነው። ማታ ፍሙን በአመድ የምታዳፍን እናት አየር ከልክላ እሳቱን እስከ ንጋት ታቆየዋለች፤ ጎረቤት በማለዳ መጥቶ እሳት የሚጭረው ከዚያ ከታዳፈነው ረመጥ ነው። ሸክላ ጥብስ የሚቀርብበት ዕቃ ደግሞ ሥጋውን ከላይ፣ ፍሙን ከሥር ይዞ፣ ጎኑ ላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች እየተነፈሰ ምግቡን ገበታው ላይ ያሞቃል። ጃፓኖችም ካማዶ የሚሉት የሸክላ ምድጃ ነበራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በአትላንታ የተቋቋመው ቢግ ግሪን ኤግ የተባለ ኩባንያም በእንቁላል ቅርጽ እየሠራ ለሥጋ ጥብስ ሸጠው። የዚያ ውድ ዕቃ ምሥጢር ወፍራም ሸክላ፣ ከታች አየር የሚያስገባ በር፣ ከላይ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ነው። ሁለቱን ጠበብ ሲያደርጓቸው እሳቱ ይለዝባል፤ ሲከፍቷቸው ይፋፋማል። የጃፓኑ ጓዳና የኛው ጓዳ ሳይተዋወቁ የደረሱበት ሕግ አንድ ነው።

ሕጉን ወደ ከተማ ምድጃ የመለሰው ሥራ የተጀመረው ከጎረቤት አገር ነው። በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች በናይሮቢ ጉባኤ አካሄደ። በዚያው ሰሞን በኬንያ የተጀመረው ጥረት የታይላንድን ባልዲ መሰል የሸክላ ምድጃ ከአገሬው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር አዋሕዶ የኬንያ ሴራሚክ ጂኮን አስገኘ፤ ውጩ ቆርቆሮ፣ የላይኛው ግማሽ በተበሳሳ ሸክላ የተለበጠ፣ ከታች የአየር በር ያለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል በዓለም ባንክ በተደገፈ ፕሮጀክት ላቀችን ሠርቶ አወጣ። ለእንጀራ መጋገሪያ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከተባለው ቀላል ድንጋይ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃም ያበረከተው ይኸው ማዕከል ነው። ላቀች ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩቡን ያህል እንደሚቆጥብ ተመዝኗል።

ሩብ ጥቂት የሚመስለው አንባቢ ስሌቱን እስከ ዛፉ ድረስ ይከተለው። በተለመደው የአፈር ጉድጓድ ወይም ክምር ሲከሰል፣ ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ይህም ማለት አንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት በልቷል። በቀን አንድ ኪሎ ከሰል የሚያነድ ቤተሰብ አለ ብንል፣ ሩቡን ሲያድን በዓመት 91 ኪሎ ግድም ከሰል ይተርፈዋል፤ ያም ከ450 እስከ 900 ኪሎ የሚደርስ እንጨት ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ የጥቂት ጣት ውፍረት ያለው ሸክላ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክላው ብቻውን ቁጠባውን አያመጣም፤ አለኳኮሱና አመጣጠኑ ግማሹን ሥራ ይይዛል። በአመድ የተደፈነ ቀዳዳ አየር ስለማያሳልፍ፣ አመዱን ማራገፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ ከሰሉን አላልቶ መደርደር ይገባል፤ ደቃቁ ከታች ከታጨቀ እሳቱ ይታፈናል። ጭራሮ ወይም ጥቂት ፍም ከላይ ሲደረግ እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭሱም ያንሳል። በሩ ወደ ነፋስ አቅጣጫ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከሰሉ አመድማ ቀለም እስኪለብስ ድረስ ምድጃው ደጅ መቆየት አለበት። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ግን በሩ የሚከፈተው ሽንኩርት ሲቁላላ ወይም ውኃ እስኪፈላ ብቻ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ፣ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመር ውኃው ይተናል እንጂ ወጡ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ፈጥኖም አይበስልም። ስለዚህ ወጡ መንተክተክ ሲጀምር በሩን ገርበብ ማድረግ ጣዕሙን ሳይጎዳ ከሰል ያተርፋል። ሙቀት ያዘለው ሸክላም እሳቱ ከቀነሰ በኋላ ጀበናውን አሙቆ ያቆየዋል።

በዚህ ክርክር ላይ ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱ ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ባለበት ዘመን ስለ ከሰል ምድጃ ማውራት ወደ ኋላ መሄድ ነው የሚለው ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መድረሻችንም ኤሌክትሪክ መሆን እንዳለበት አምናለሁ። ነገር ግን የአቃቂ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን ኃይል ማመንጨትና ማዕድ ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ከአባ ሳሙኤል ወዲህ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ከሰል ከከተማዋ አልወጣም። መብራት ይቋረጣል፤ ሜትሩ ለብዙ ተከራዮች የጋራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ መግዣም ሁሉም ቤት የለም። መሻገሪያው እስኪያልቅ ድረስ የሚነደው ከሰል በቁጠባ ይንደድ ማለት መድረሻውን መካድ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተሻሻለ ምድጃ የደን ጭፍጨፋን ዕድሜ ያራዝማል ይላል። እውነት ነው፤ ምድጃ ብቻውን ደን አያድንም። የከሰል ጥፋት ግን የሚወሰነው በእንጨቱ ምንጭም ነው። በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በማሳቸው ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብቅለው፣ ከአራት እስከ አምስት ባለው ዓመት ቆርጠው ያከስሉታል፤ ተራራውም በዚህ ምክንያት ለምቷል። በአፋር ደግሞ ግጦሹን የወረረውን ፕሮሶፒስ ዛፍ አክስሎ ለመቆጣጠር ተሞክሯል። አንድ የዛፍ ዘር ብቻ መትከል የሚያስከትለው አደጋ እንዳለ አይካድም፤ ዲከረንስን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ አጥቅቶታል። ይህም ቢሆን የፋግታ ለኮማ ምሳሌ ተተክሎ የሚቆረጥ ዛፍና ቆጣቢ ምድጃ አብረው ሲሄዱ የተፈጥሮ ደን ፋታ እንደሚያገኝ ያሳያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ በቤተ ሙከራ የተመዘነው ሩብ በየቤቱ አይገኝም የሚለው። ላቀች ገበያ ከገባ በኋላ ያለ ድጎማ በእጅ ባለሙያዎች እየተመረተ በመስፋፋቱ በየጉልቱ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፤ ይህ የስኬቱ ምልክት ነው። በዚያው መጠን በደንብ ያልተተኮሰ ሸክላ፣ የሳሳ ቆርቆሮ፣ የማይገጥም በር ያላቸው ምድጃዎችም በላቀች ስም ተሸጠዋል። ሸክላው በወራት ውስጥ ሲሰነጠቅ ገዢዋ የምታጣው ቁጠባውንም እምነቷንም ነው። ይህ ግን ምድጃውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ጥራቱን የሚጠብቅለት አካል ለመፈለግ እንጂ። አሳቡ ከታይላንድና ከኬንያ መጣ የሚለው ነቀፋ ደግሞ እምብዛም አያስጨንቅም። ባሕር ዛፍም ባዕድ ነበር፤ አዲስ አበባን ግን አጽንቷታል።

ሳይነገር የማይታለፍ አንድ አደጋ አለ። አየር የሚያጥረው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። እሳቱን የሚያለዝበው በር ሲዘጋ ጋዙ ሊበዛ ስለሚችል፣ የቤቱ በርና መስኮት መከፈት አለበት። ከሰሉ አመድ ለብሶ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። በክረምት ብርድ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በምንም ዓይነት ምድጃ፣ በላቀችም ቢሆን፣ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ላቀች ተመራማሪ፣ ሸክላ ሠሪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አብረው የሠሩት፣ ገበያውም ተቀብሎ ያኖረው ሥራ ነው፤ የጎደለው የጥራት ዘብ ነው። ያንን ዘብ ለማቆም ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ሥፍራ አይታየኝም፤ የቆርቆሮ ፋብሪካውም፣ የብረት ሥራ ልምዱም፣ ለከሰሉ መግቢያ የሆነው መንገድም እዚህ ናቸው። የክፍለ ከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች ጋር ተቀናጅተው አተኳኮሱንና መጠኑን ቢያስተምሩ፣ የደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤትም ለተፈተነ ምድጃ ማኅተም ቢሰጥ፣ ወጪው ከሚተርፈው እንጨት ጋር አይወዳደርም። እስከዚያው ድረስ ገዢ ሁሉ ምድጃ ሲመርጥ ሸክላው አለመሰንጠቁን ይመርምር፣ የአየር በሩ በደንብ ተከፍቶ መዘጋቱን ይሞክር፣ በሩ የሌለውንም አይግዛ።