ሚስት፥ ገረድ፥ ዕቁባት
ያለ ጋብቻ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች በይፋትና በሸዋ ስለ ተሰጡ ስሞች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሸዋ ሮቢት ሳለሁ አንዲት ሴት ወደ እኔ መጣች። ባሏ ሞቶ አርባው ከወጣ ገና ሳምንቱ ነበር። እርሷና ሟቹ በቀወት ቆላ ማሽላና ጤፍ እያረሱ 19 ዓመት ኖረዋል፤ ሦስት ልጆችም አፍርተዋል። ነገር ግን ተክሊል አልተደረሰላቸውም፥ ሰማንያ አልታሰረላቸውም፥ ስማቸውም በአንድ መዝገብ አልተጻፈም። የቤቱንና የከብቱን ነገር ልታስጨርስ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት በገባች ጊዜ ጸሓፊው «ለሟቹ ምኑ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ሚስቱ ነኝ» አለች። ማስረጃ አምጪ አላት፤ ማስረጃ የላትም። «እንግዲያውስ ምኑ ነሽ?» ቢላት የምትመልሰው አጥታ ወጣች። ወደ እኔም የመጣችው ገንዘብ ለመለመን አይደለም፤ «የኔታ፥ መጽሐፉስ ምን ይለኛል?» ብላ ስም ለመፈለግ ነው።

መጽሐፉ የሚለውን ፊት ለፊት ብነግራት ኖሮ ባሳዘንኋት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በምስር አገር አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ የሰበሰበው፥ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ከ51ዱ አንቀጾች 24ኛው ስለ ተዋስቦ ይናገራል፤ 25ኛው ዕቁባት ማኖርን ይከለክላል። የትእዛዙም ሐሳብ ግልጥ ነው፤ ዕቁባት ያለችው ሰው ወይ በሕግ ያግባት ወይ ይተዋት። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ስፍራ የለም።

ስሙን ግን ከሥሩ ብንመረምረው ስድብ ኾኖ አልተወለደም። ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ነው፤ ዕቁባትም የተጠበቀች ማለት ትኾናለች። ከዚሁ ሥር ዐቃቤ ሰዓትና ዐቃቤ ሕግ ወጥተዋል። ዛሬ በችሎት የሚከራከረው ሹምና በጓዳ የምትኖረው ሴት በስም ዘመዳሞች እንደ ኾኑ ስንቱ ያውቃል? አማርኛችን ግን ለሴቲቱ ሲኾን አይራራም፤ ቅምጥ ይላታል፥ የጭን ገረድ ይላታል፥ ውሽማ ይላታል። ለወንዱ የተሰፋ እንዲህ ያለ ስም ፈልጌ ከውሽማ በቀር አላገኘሁም፤ እርሱንም ለሁለቱ ያካፍሉታል።

የስም ነገር የነገሥታትን ቤት ሳይቀር አናውጧል። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም) አባ አኖሬዎስና ሌሎች የሸዋ መነኮሳት ንጉሡን የአባትህን ሚስት አገባህ ብለው ገሠጹት፤ ስለዚህም ተገረፉ፥ ተሰደዱም። በኋላ የጻፉት፥ ከእነርሱም አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ሴቲቱን የአባቱ ዕቁባት ይሏታል። ስሙ ቢለወጥ ኃጢአቱ የሚቀል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የሮቤልንና የባላን ነገር ያስታውስ፤ ባላ ዕቁባት ነበረች፥ ያዕቆብ ግን መኝታዬ ረከሰ ብሎ አዘነ። ይኸው ንጉሥ በ1324 ዓ.ም ወደ ይፋት ወርዶ ሰብረዲንን ድል የነሣው ነው። ጦሩ ያስገዛለትን አገር ያህል መነኮሳቱ ሊያስገዙት አልቻሉም።

ወደ ቆላው እንመለስ። ከአንኮበር አምባ ሥር ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። በእስላሙ ዘንድ ጋብቻ በኒካሕ ስለሚታሰር ነገሩ የተቈረጠ ነው፤ መንግሥትም ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ የቃዲዎችን ፍርድ ቤት በአዋጅ አጽንቶላቸዋል። ክርስቲያኑ ነጋዴ፥ ወታደርና መንገደኛ ግን ከቤቱ ወራት የሚርቅ ሰው ነው። ቍርባን እንዳይቀበል መፍታት የለም፤ ሰማንያ እንዳያስር ሀብቱን ማጋራት አለበት። ለእንዲህ ያለው ሰው አገሩ ያበጀለት መንገድ የደመወዝ ጋብቻ ይባል ነበር። ሰውዬው በዋስና በምስክር ፊት በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ይዋዋላል፤ ሴቲቱ ትፈጫለች፥ ታበስላለች፥ ሚስትም ትኾነዋለች። ዘመኑ ሲፈጸም ደመወዟን ተቀብላ ትሄዳለች። ልጅ ብትወልድ ግን ልጁ የአባቱ ነው፤ ከሌሎቹ ልጆች ጋራ ይወርሳል።

ይህን ውል ካህናቱ አልባረኩትም፥ ሊባርኩትም አይችሉም። እኔም አላመሰግነውም። ነገር ግን ፍርዴን በእውነት ልስጥ፤ ደመወዝ ለሴቲቱ ዋስ ያቆምላት ነበር። ዛሬ ያለ ውልና ያለ ምስክር ከምትኖረው እኅታችን ይልቅ ያችኛዋ በዳኛ ፊት የምትናገረው ነገር ነበራት። ቃሉስ ወዴት እንደ ደረሰ ተመልከቱ፤ ያን ጊዜ የጊዜ ሚስት ዋጋ የነበረው ደመወዝ ዛሬ ሚኒስትሩም መምህሩም በየወሩ የሚጠብቀው ኾኗል።

ለዚህ ነገር ከኹሉ የሚበልጥ ምስክር በአንኮበርና በልቼ ቤተ መንግሥት የታየው ነው። ምኒልክ ራሳቸው በነሐሴ 1836 ዓ.ም የተወለዱት እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በሕግ ሳይጋቡ ነው፤ ይህ ግን የሣህለ ሥላሴን ዙፋን ከመውረስ አላገዳቸውም። በሰኔ 1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲገቡ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ወይዘሮ አልጣሽን እዚያው ትተዋት መጡ። ከዚያም ከወይዘሮ ባፈና ጋራ ብዙ ዓመት ኖሩ። ባፈና በዕድሜ የሚበልጧቸው፥ ቀድሞም ባልና ልጆች የነበሯቸው ሴት ናቸው። ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን ንግሥት ብለው ጻፉላቸው፤ ሹማምንቱም እንደ ንግሥት ይፈሯቸው ነበር። ቍርባን ግን በመካከላቸው አልነበረም።

ባፈና ይህን ጕድለት ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር ብዬ አስባለሁ። ያልቈረበች ሴት ዘመኗ በንጉሥ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1869 ዓ.ም ምኒልክ በዘመቻ ሳሉ ከመሸሻ ሰይፉ ጋራ ተማክረው አመፅ አነሡ ተብለው ተከሰሱ፤ ኋላም ቢታረቁ ነገሩ አልጠና። በ1875 ዓ.ም የትንሣኤ ዕለት ምኒልክ በአንኮበር ከወይዘሮ ጣይቱ ጋራ ቈረቡ። ያን ጊዜ ያለ ቍርባን የኖረው ዘመን ኹሉ በአንድ ቀን ያለፈ ታሪክ ኾነ። የባፈናን ክሕደት የሚያወግዙ ብዙ ናቸው፤ ስለ ስማቸው ማጣት የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

የጠላት ዘመን ደግሞ ሌላ ስም ይዞ መጣ። ኢጣሊያኖች በኤርትራ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ከአገሩ ሴት ጋራ ያለ ጋብቻ መኖርን ማዳማቶ፥ ሴቲቱንም ማዳማ ይሏት ነበር። ይህንንም ከደመወዝ ጋብቻ ጋራ እያመሳሰሉ ራሳቸውን ያጸድቁበት ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ልጁን ጥለው ሲሄዱ የደመወዝን ግዴታ አላስታወሱም። በሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም የሮማ መንግሥት አንድ አዋጅ አወጣ። ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር አለ። ከጋለሞታ ጋራ ያደረ አይታሰርም፤ ወዶና አክብሮ ቤት የሠራ ይታሰራል። ወንጀሉ ፍቅሩ ነው ማለት ነው! ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ የተሠራው በዚያው ዘመን ነው። መንገዱ ቀርቶልናል፤ አዋጁ ከባለቤቶቹ ጋራ ሄዷል።

ከነጻነት በኋላ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም ታወጀ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ የጻፉት የፓሪሱ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ከ3,367ቱ አንቀጾች ጥቂቶቹን ለዚህ ነገር ሰጧቸው፤ በፈረንሳይኛም የሰጡት ስም ሥርዐት ያልያዘ አንድነት የሚል ፍች አለው። ደመወዝን በስሙ አልጠሩትም። ሕጉ ይህን አኗኗር አልከለከለም፥ አላከበረውምም። እንደ ተጋቡ ሰዎች ቢኖሩ ይበቃል፤ ባልና ሚስት ነን ብለው ለሰው መናገር አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን መገናኘታቸው ቢደጋገምና ቢታወቅም ያ ብቻውን አይበቃም አለ። የልጁን አባት አሳወቀ፤ የጋራ ሀብት ግን ከለከለ። እንግዲህ ሴቲቱ ሠላሳ ዓመት ብታርስ፥ ብታጭድ፥ ብታልብ፥ በሬው የሰውዬው ነው።

ይህ ነገር እስከ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም ቆየ። በዚያ ቀን የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይለዋል። ስሙ ረዥም ነው፤ በገበያ የሚጠራው ሰው አልሰማሁም። ስዊድኖች አብሮ ከመኖር ቃል ሳምቦ የሚል አጭር ስም አውጥተው በ1980 ዓ.ም አካባቢ በሕጋቸው አስገብተውታል። አሜሪካኖች ደግሞ ሕዝብ ሲቈጥሩ ከቃላት መጀመሪያ ፊደል ፖስልኪው የሚል አስቂኝ ቃል ሠርተው ነበር። የእኛ ርዝመቱ ቢከብድም ስድብ የለበትም፤ ሴቲቱን ብቻ ለይቶ አይሰይምም፤ ዕቁባትና ቅምጥ ግን ይህን አያደርጉም። ከስሙም ይልቅ ፍሬው ይበልጣል፤ አንድነታቸው ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንደ ኾነ በዚያ ዘመን ያፈሩት ሀብት የሁለቱ ነው። ያ ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲኾን የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም በአዋጅ ቍጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ ሸዋ ሮቢትም የምትዳኘው በእርሱ ነው። በእርሱም ውስጥ እንዲህ ያለው አኗኗር ስፍራ አግኝቷል።

አንድ ወንድሜ ካህን ይህን ቢሰማ «ሕጉ ኃጢአትን አጸደቀ» አለኝ። አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ተክሊሉንና ቍርባኑን ትጠይቃለች፥ ትጠይቅም፤ ዳኛው የሚጠይቀው ግን ማሽላውን ማን አረመው የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ልዩ ልዩ ናቸው። እኛ ካህናት ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ሄደን ኑ ላቍርባችሁ ያላልናቸውን፥ አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላዋን ስም በመንፈግ የምንገሥጻት ከኾነ ዘግይተናል። ያችን ሴት በ19 ዓመት ውስጥ ጠበል ሲረጭ፥ ክርስትና ሲነሣ፥ ጽዋ ሲጠጣ በቤቷ ስንት ካህን እንዳለፈ ጠይቄያት ነበር። ቈጥራ አልጨረሰችም።

በመጨረሻ ለእርሷ የነገርኋት ዕቁባት የሚለውን አልነበረም። የሕጉን ረዥም ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፤ ጸሓፊ ስለማታውቅ በቃሏ አጠናችው። ፍርድ ቤቱ ሦስት ምስክር አስቀረበ፤ ከእነርሱም አንዱ የመንደሯ እስላም ጎረቤት ነበሩ። ዳኛው ስለ ወረቀት አልጠየቋቸውም። «አብረው ሲኖሩ አይታችኋል ወይ? ሰው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር?» አሏቸው። ሽማግሌውም «እኛ የምናውቃት የእርሱ ባለቤት ተብላ ነው፤ ሌላ ስም አላት እንዴ?» ብለው መለሱ። ከቤቱና ከሁለቱ በሬዎች እኩሌታው ተፈረደላት።