የኖትርዳም ኦርጋን ዕድሜው ስንት ነው?

በፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ያለው ትልቁ ኦርጋን ዕድሜው ስንት ነው ቢባል መልሱ አስቸጋሪ ነው። መሣሪያው የሚሠራው በነፋስ ነው፤ ከወናፍ የሚወጣው አየር በቧንቧዎቹ ሲያልፍ እያንዳንዱ ቧንቧ የየራሱን ድምፅ ያሰማል።

እ.ኤ.አ. በ1733 ፍራንሷ ቲዬሪ የተባለ ባለሙያ ዳግም ሠራው፤ በ1783 ክሊኮ አሰፋው። በ1868 ካቫዬ ኮል 86 ዓይነት ድምፅ ያለው ግዙፍ መሣሪያ አደረገው። ሆኖም የቀደሙትን ቧንቧዎች አልጣለም፤ ብዙዎቹን ከአዲሶቹ ጋር አስማማቸው። በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ፣ በ1992 ደግሞ ኮምፒዩተር ገባለት። «የካቫዬ ኮል ድምፅ ጠፋ» ብለው ያዘኑም ነበሩ። ዛሬ 5 የቁልፍ ረድፎችና ወደ 8,000 የሚጠጉ ቧንቧዎች አሉት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የካቴድራሉ ጣራ ነደደ። ኦርጋኑን እሳት አልነካውም፤ የጣራው እርሳስ ብናኝ ግን አለበሰው። ስለዚህ ከ2020 ጀምሮ ቧንቧዎቹ ተነቅለው ታጠቡ፤ ተመልሰው ከተተከሉ በኋላ ባለሙያዎች ጸጥታ ፍለጋ ሌሊት ሌሊት ድምፃቸውን ሲቃኙ ከረሙ። በዲሴምበር 7 ቀን 2024 ካቴድራሉ ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን «ንቃ» ብለው ጠሩት፤ እሱም በዜማ መለሰላቸው።

የመለሰው ታዲያ የትኛው ነው? የቲዬሪ? የክሊኮ? ወይስ የካቫዬ ኮል? ሁሉም ነው ማለት ይቻላል። ቅርስ እንዳለ ስለተቀመጠ ብቻ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ሲጨምር የቀደመውን ባለመጣሉም ይኖራል።