ተሳላሚና ጎብኚ፤ የላሊበላ ከተማ በወረርሽኙ ዘመን

በላስታ ተራሮች ላይ፥ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኘው፥ ጥንት ሮሃ ትባል የነበረችው የላሊበላ ከተማ፥ ከዐለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናቷ ምክንያት እንግዳ ተለይቷት አያውቅም። እንግዳው ግን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ተሳላሚ፥ ሁለተኛው ጎብኚ ይባላል። ተሳላሚው ስንቁን ተሸክሞ፥ ብዙ ጊዜም በእግሩ ተጉዞ፥ የበዓሉን ቀን ጠብቆ ይመጣል፤ የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ፥ ካለውም አቅርቦ ይቀበለዋል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ለመኝታው፥ ለአስጎብኚው፥ ለበቅሎው፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን ለሚጠብቅለትም ሳይቀር ይከፍላል። ባጭሩ የፊተኛውን ከተማው ያስተናግደዋል፤ ሁለተኛው ከተማውን ያኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን ፈጽሞ ሲያስቀር ተሳላሚውን ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስላገደ፥ የከተማዪቱ ኑሮ በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ለመመርመር ምክንያት ሆኗል።

የውጭ አገር ሰው ላሊበላን ማየቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ከጻፈ በኋላ፥ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሠግቶ ነበር። ይሁን እንጂ ጎብኚን መተዳደሪያ ማድረግ የተጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት አቋቋሙ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የጥገናውን ሥራ መራ፤ በ1970 ዓ.ም. ቅርሱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ በዛ፤ መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅ ቋንቋ ተምሮ አስጎብኚ መሆንን ተመኘ። ቅርሱን ለመጠበቅና ለጎብኚው ለማመቻቸት ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ተነሥተው ኩራኩር ወደሚባለው ስፍራ ተዛውረዋል። ከውጭ አገር ጎብኚ የሚቀበሉት የመግቢያ ዋጋ 50 የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ስለ ነበር፥ ቀዳሹና መዘምሩ እንኳ ደመወዙን የሚጠብቀው ከዚህ ገቢ ሆነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ጎብኚው ሊያየው የሚመጣው ሥርዐት ራሱ በጎብኚው ገንዘብ መደገፉ።

የከተማዪቱ የገንዘብ ዓመት እንደ ገበሬው ዓመት ወራት ነበረው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ እንደ መኸር ይቆጠራል፤ በዚያ የተገኘው ለክረምት ይቀመጣል። በሐምሌ ሆቴሎቹ ባዶ ቢሆኑ ማንም አይደነግጥም። በሽታው በአዲስ አበባ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ዐቢይ ጾም ገብቶ፥ ዋናው የጎብኚ ወራት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀደም ብሎ እንደ ገባ ክረምት ተቆጠሩ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ፈተናው የጠናው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነበር። ዝናሙ አባርቶ፥ አደይ አበባ ሲፈነዳ፥ መኸሩ አልመጣም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓመት ከአገር ወደ አገር የተጓዘው የዓለም ጎብኚ ቁጥር ከቀድሞው ዓመት ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ ነበርና።

ችግሩ ሁሉን እኩል አልነካም። በገጠር መሬት ኖሮት ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰው ጥቂትም ቢሆን እህል ይደርሰዋል። የሆቴል አሳላፊው፥ የእጅ ሥራ ሻጩ፥ ጫማ ጠባቂው ግን እጁ የዕለት ገንዘብ ብቻ የሚያውቅ ነበር። የቱሪዝም ሪፖርት አልጋ ሲቆጥር እንዲህ ያለውን ሰው አይቆጥርም፤ ጉድለቱም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ወደ ዘመድ አገር መመለስም ቢሆን ወሰን ነበረው። የላስታ አፈር ስስ ነው፤ በ1977ቱ ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ባላገሩ ራሱ የእህል ርዳታ ተቀባይ የሚሆንበት ዓመት ጥቂት አይደለም። ከዚህም በላይ በዚያው መጸው የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ላይ ወርዶ ሰብል አጥፍቷል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውና አምስት ወር የጸናው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሏል። በሕክምና ረገድ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዕድሩ፥ የጽዋ ማኅበሩ፥ ተዝካሩ ሁሉ በመሰብሰብ የሚኖር ሥርዐት ነው፤ ችግረኛው ሳይለምን የሚበላበት፥ የጠፋው ሰው ለምን ጠፋ ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታም ይኸው ነው። ዕቁብም ቢሆን መደበኛ ገቢ ካልተገኘ ሊጣል አይችልም። የሚያዝያ 11ዱ ትንሣኤ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ተጠይቀው የዋለ በዓል ነበር። በዚህ ምክንያት ከተማዪቱ የጎብኚውን ገንዘብ ባጣችበት ወራት፥ ገንዘብ በሌለበት ዘመን ይረዳት የነበረውንም ሥርዐት በሙሉ ልትጠቀምበት አልቻለችም።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የልደት በዓል፥ የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን፥ ሲከበር ተሳላሚው መጣ። በሽታው አልጠፋም፤ በሰሜን በኩል በጥቅምት የተነሣው ጦርነትም አልበረደም። ነጭ የለበሰው ሕዝብ እንደ ልማዱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆሞ፥ ካህናቱ በዐለቱ ቅጥር ላይና ከሥሩ በግቢው ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ዘመሩ። ይህ ሕዝብ ከጥቂት ሳንቲምና ከሻማ መግዣ በቀር ለከተማው ገበያ ብዙ አይጨምርም፤ ሆቴሉን አይሞላም፤ የ50 ዶላሩም መግቢያ አይመለከተውም። ስለዚህ በዓሉ ሞልቶ ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ቻለ። ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ላሊበላ ያለ ጎብኚ መኖር ትችላለች ወደሚል አሳብ ያዘነብላሉ፤ አሳቡ ግን የደብሩንና የከተማውን ኑሮ ይቀላቅላል። ደብሩ ጎብኚ ሳይኖር ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል። የዛሬው ከተማ፥ ከመሬቱ የወጣው ወጣትና በኩራኩር የሠፈረው ቤተ ሰብ ጭምር፥ በጎብኚው ዘመን የተፈጠረ ነው።

ከሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የሕወሓት ጦር ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ፥ የወረርሽኙ ነገር ከጦርነቱ ነገር ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሆቴሎቹን መዘጋትና የወጣቶቹን ስደት ለበሽታው ብቻ መስጠት ስሕተት ነው። ለበሽታው በእርግጥ ሊቆጠርለት የሚገባው በመጋቢት 2012 እና በጥቅምት 2013 መካከል ያለው የሰባት ወር ኑሮ ነው።