ኤፒዱራልና «የመልቀቅ ዘዴ»

በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት ክትትሏን በጤና ጣቢያ ስታደርግ ቆይታ ለቀዶ ጥገና ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል፣ ስለ «ወገብ መርፌ» መስማቷ አይቀርም። በአገራችን በቀዶ ጥገና ለምትወልድ እናት በብዛት የሚሰጠው ስፓይናል ነው፤ መርፌው የህብለ ሰረሰሩን ልባስ በስቶ መድኃኒቱን ፈሳሹ ውስጥ ያስገባል። ኤፒዱራል ግን ከልባሱ ውጭ ባለው ጠባብ ክፍተት ላይ ይቆማል። እዚያ በሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን ደጋግሞ መስጠት ስለሚቻል፣ ረጅም የምጥ ሕመምን ለማስታገስ ይመቻል።

ክፍተቱ በዓይን አይታይም። ታዲያ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ሰልጣኝ መርፌው እዚያ መድረሱን በምን ያውቃል?

የተለመደው መንገድ በሙያው «ሎስ ኦፍ ሬዚስታንስ» የሚባለው ነው፤ በአማርኛ «የመልቀቅ ዘዴ» ልንለው እንችላለን። መርፌው ቢጫ ጅማት በሚባለው ጠንካራ ጅማት ውስጥ እስካለ ድረስ የሲሪንጁ መግፊያ እምቢ ይላል፤ ጅማቱን ሲያልፍ ድንገት ይለቃል። ጣሊያናዊው ሐኪም አኪሌ ዶሊዮቲ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቁት ይህንን ነው። በዚያው ዘመን አርጀንቲናዊው አልቤርቶ ጉቲየሬዝ «የተንጠልጣይ ጠብታ ዘዴ»ን አስተዋወቁ፤ በመርፌው አፍ ላይ የተቀመጠች የፈሳሽ ጠብታ ክፍተቱ ሲገኝ ወደ ውስጥ ትሳባለች።

ለጀማሪ እጅ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ጠብታዋ የምትሳበው በክፍተቱ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ሲል ነው፤ በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ግን ግፊቱ ስለሚጨምር ምልክቱ ሊያታልል ይችላል። በመልቀቅ ዘዴ ግን ሰልጣኙ ለውጡን በጣቱ ይሰማዋል።

ለመልቀቅ ዘዴ ሲሪንጁን በአየር ወይስ በሳላይን (በጨው ውሃ) እንሙላው የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። ጥናቶች ቁርጥ ያለ ብልጫ አላሳዩም። ነገር ግን መርፌው ሳይታሰብ ልባሱን ቢበሳ፣ የገባ አየር ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። ሳላይን በበኩሉ ከህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ስለዚህ ለምጥ ኤፒዱራል በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የመልቀቅ ዘዴ ቀዳሚ ቦታ ሊይዝ ይገባዋል፤ ሰልጣኙም በአሻንጉሊት ወገብ ላይ በደንብ ሳይለማመድና ልምድ ያለው መምህር አጠገቡ ሳይቆም የእናትን ወገብ ሊነካ አይገባም። እናቶችም መርፌውን የሚወጋው ማን እንደሆነና ማን እንደሚቆጣጠረው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብታቸው ነው።