ሥዕላዊ ካርታ፦ የሠርግ እንግዳን በሥዕል መምራት

በእንግሊዝኛ «ፒክቶሪያል ማፕ» የሚባለውን በአማርኛ «ሥዕላዊ ካርታ» ብንለው ይገልጸዋል። ቦታዎችን በልኬትና በምልክት ሳይሆን በሥዕል የሚያሳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚሣል ካርታ ነው። ከጥሪ ካርድ ጋር ለታዳሚ የሚላከው ደግሞ «የሠርግ ሥዕላዊ ካርታ» ይባል። «የሠርግ ካርታ» ብለን ልናሳጥረው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ካርታ በእኛ ዘንድ የቤት ይዞታ ማረጋገጫም፣ መጫወቻም ስለሆነ «ሥዕላዊ» የሚለው ባይቀር ይሻላል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ጥንታዊ ነው። በዮርዳኖስ አገር ማዳባ በምትባል ከተማ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጠጠር የተሠራ የቅድስት ሀገር ካርታ ይገኛል። ኢየሩሳሌም ከስፋቷ በላይ ገዝፋለች፤ በሮቿም፣ ዓምድ የተደረደረበት ጎዳናዋም ይታያሉ። በዮርዳኖስ ወንዝ ውስጥ አንድ ዓሣ ፊቱን ከሙት ባሕር አዙሮ ሽቅብ ሲመለስ ተሥሏል። ባሕሩ ነፍስ ያለው ነገር እንደማያኖር በዚህ ዓሣ ብቻ ተነገረ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ልኬት አይነግረንም። ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል፣ ማክዶናልድ ጊል በ1914 (እ.ኤ.አ.) ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የሣለው «ዋንደርግራውንድ» ካርታ አለ። ያዘዘው ከባቡሩ ኩባንያ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ፍራንክ ፒክ ነበር። ባቡር የሚጠብቅ ሰው ቆሞ እንዲያነበው በትንንሽ ሰዎችና በቀልድ የተሞላ ነው።

ለአዲስ አበባ ሠርግ ይህ ካርታ ልክ የተሰፋለት ይመስለኛል። እኛ መንገድ የምንጠቋቆመው በጎዳና ቁጥር ሳይሆን «ከአደባባዩ አለፍ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» እያልን ነው። ሠርጋችንም አንድ ቦታ ተጀምሮ እዚያው አያልቅም፤ የሙሽራዋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፎቶ የሚነሱበት መናፈሻ፣ አዳራሹ፣ ከዚያም መልሱና ቅልቅሉ አለ። በስልክ የሚላክ ሎኬሽን በር ድረስ ያደርሳል፤ የትኛው ቤት የማን ወገን እንደሆነ፣ ከየት ወደ የት እንደሚታለፍ ግን አይናገርም። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለመጣ ዘመድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍለት፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲባል ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ለባብሶ እንዳይጠብቅ።

የሥራው ከባዱ ክፍል ምን እንደሚተው መወሰን ነው። ሠዓሊው እንግዳው በሚመጣበት አቅጣጫ በእግሩ ይሂድና ዓይን የሚይዘውን ብቻ ይመዝግብ። መታጠፊያ የሌለው ረጅም ጎዳና በጣት ስፋት ይለፍ፤ ሦስት መታጠፊያ የተጠጋጋበት ሰፈር ግን የገጹን እኩሌታ ቢወስድ አይበዛበትም። ርቀቱ የተመጠነ ስላልሆነ ይኸው ከግርጌ በአንድ መስመር ይነገር።

የቦታ ስሞች ከሥዕሉ ቀድመው በእርሳስ ይቀመጡ። «ቦሌ መድኃኔ ዓለም» ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ኋላ ላይ በሥዕል መካከል ሲጨናነቅ ያስጠላል። ፊደላችን ሲያንስ ደግሞ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ በቀለም ትደፈናለች። ስለዚህ ሥዕሉ በትልቁ ተሠርቶ የሚቀነስ ከሆነ፣ ጽሑፉ በመጨረሻው መጠን አንድ ጊዜ ታትሞ ይፈተሽ። መስመሩ ውሃ በማያጠፋው ቀለም ተሥሎ፣ ሲደርቅ የውሃ ቀለሙ በወፍራም ወረቀት ላይ ይከተላል። ለኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ስካን ማድረግ ይበቃል።

ምልክት ሲመረጥ የከተማዋን የለውጥ ፍጥነት ማሰብ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ሰው አቅጣጫ ይናገርባቸው የነበሩ ሱቆችና ካፌዎች አብረው ሄደዋል። ከኅትመት በፊት መንገዱን ዳግም ማየት የግድ ነው፤ የተዘጋ መታጠፊያ፣ የተነሣ ማደያ፣ የተቀየረ የአዳራሽ በር ይገኛል። ከዚያም ረቂቁ ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ይሰጥ፤ ማንንም ሳይጠይቅ አዳራሹ በር ከደረሰ ወደ ማተሚያ ቤት ይላክ።